ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ያዘዛችሁት ራሱ የሚመጣባት ቤት

ደሴ መጥታችሁ ቁርስ ወይ መክሰስ የት እንቅመስ ካላችሁ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቤት ሞክሩ። ዳቦ ቤትም ናት፣ ካፌም ናት። ታፔላ የላትም። በሯ ላይ ነጭ መጋረጃ አለ፣ ጠዋት ከሄዳችሁ ደግሞ የዳቦው ሽታ ይመራችኋል። እኔ የምወዳት በአንድ ነገር ነው፤ ያዘዛችሁት ነገር ራሱ ይመጣል። ድፎ ካላችሁ ድፎ ነው። ሕብስት ካላችሁ ሕብስት ነው። ማኪያቶ ካላችሁ ማኪያቶ ይመጣል፣ ያውም በሚገባው መጠጫ። ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ስሙ ሌላ፣ የሚቀርበው ሌላ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፣ ሰዉም ለምዶት ዝም ብሎ ይከፍላል።

ከዳቦው ልጀምር፣ የቤቱ ዋና ነገር እሱ ስለሆነ።

አሁን አሁን ትልቅና ክብ የሆነ ዳቦ ሁሉ ድፎ እየተባለ ነው። ከኤሌክትሪክ መጋገሪያ በብረት ትሪ የወጣውን ወፍራም ዳቦ ቆርሰው "ድፎ ነው" ይሏችኋል። ዳቦው መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ድፎ ግን አይደለም። ድፎ ኮባ ይፈልጋል። ሊጡ ከማታ ጀምሮ ይቦካል፣ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይ ሌላ ኮባ ይለብሳል፣ ከዚያ ይከደንና ከታችም ከላይም እሳት ያገኘዋል። ለዚህ ነው በሁለቱም በኩል እኩል የሚበስለው። እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚጋገረው። ባለቤቷ እትዬ ጓዳ ገብቶ ማየት አይከለክሉም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ድፎው ሲወጣ ኮባው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ከዳቦው ጋር ተጣብቆ ነው። እትዬ ጫፉን በጣታቸው ይይዙና ቀስ እያሉ ይልጡታል። ከስር ቡናማው ቅርፊት ላይ የቅጠሉ ጅማት መስመር በመስመር ታትሞ ይታያል፣ እንፋሎቱም ያኔ ነው የሚወጣው። ያንን መስመር ፈልጉ። የትም ቦታ "ድፎ" ብለው ሲሰጧችሁ ቅርፊቱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ መስመር ከሌለው ኮባ አልነካውም። ሽታውም ይለያል፤ የኮባው ጭስ ዳቦው ውስጥ ይገባል፣ ይሄን የትኛውም ቅመም አይተካውም። ቅመሙ ራሱ ልከኛ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ እና ትንሽ ኮረሪማ ይቀምሳሉ። አንዳንድ ቦታ ቅመም ስለሚያበዙበት ስንዴው ራሱ ጠፍቶ ይቀራል፣ እዚህ ግን ስንዴው ይጣፍጣል።

ሕብስት ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ወጣት ከድፎ ጋር ያደባልቀዋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም በቅጠል የሚጠቀለል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እሳቱ ነው። ሕብስት እሳት አይነካውም። የፈላ ውሃ ላይ በእንፋሎት ነው የሚበስለው። ስለዚህ ቅርፊት የለውም። ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። ጥርስ ለሌላቸው አያቶች እና ለትንንሽ ልጆች ከሕብስት የተሻለ ዳቦ አላውቅም። እዚህ ቤት በየቀኑ አይሠራም፣ ሲሠራም ትንሽ ነው። እትዬን "ለምን አታበዙትም?" ስላቸው "ደሴ ላይ ሕብስት ትዕግስት ይፈልጋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ ወደ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል፣ ሕብስቱም ይቆያል። ቁልቁል ኮምቦልቻ ብትወርዱ ያው ሊጥ ቶሎ ይበስላል፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች ናት። ቸኩሎ ያወጣው ሰው መሀሉ ሊጥ የሆነ ሕብስት ነው የሚያበላችሁ። እዚህ እንደዚያ አይነት አላጋጠመኝም።

አምባሻ ላይ አንድ ቀን አጠገቤ የነበረ እንግዳ ተሳስቶ ነበር፣ ከሩቅ የመጣ መሰለኝ። "እናቴ፣ ከድፎው ይስጡኝ" አለና ጣቱን አምባሻው ላይ ቀሰረ። እትዬ ሳቅ ብለው "አይ የኔ ልጅ፣ ይሄ አምባሻ ነው፣ ድፎው ገና እሳት ላይ ነው፣ አብሽር ይደርሳል" አሉት። ከሁለቱም ቆርሰው ሰጡት፣ የአንዱን ብቻ ነው ያስከፈሉት። አምባሻ ስስ ነው፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ምጣድ ላይ ተገላብጦ ይጋገራል፣ ፊቱ ላይ በቢላ ጫፍ የተሳለ ጌጥ አለው፤ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄዱ መስመሮች፣ በመካከላቸው ትንንሽ ነጠብጣብ። ጌጡ ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መስመሩን ተከትላችሁ ስትቆርሱት እኩል ይወጣል፣ ሊጡም ሲነፋ አይፈነዳም። የዚህ ቤት አምባሻ ሄል አለበት፣ ትንሽ ጣፋጭ ነው። ለኔ ስኳሩ ትንሽ ቢቀንስ ይሻላል፣ ለቡና ቁርስ ሲሆን በተለይ። ሙልሙል ለማግኘት ግን ነሐሴን ጠብቁ። ለቡሄ ሰሞን ብቻ ነው የሚጋግሩት፣ ሆያ ሆዬ ለሚሉት የሰፈር ልጆች።

የተጠበሰው ክፍል ጋ ሌላ መደናገር አለ። ቦምቦሊኖ እና ፓስቲ። ሁለቱም ሊጥ፣ ሁለቱም ዘይት ውስጥ የሚጠበስ። ቦምቦሊኖ ግን በእርሾ የቦካ፣ ስኳር የገባበት፣ ወፍራም ሊጥ ነው፤ ስትቆርሱት ውስጡ እንደ ዳቦ የተሞላ ነው። ፓስቲ በስሱ የተዳመጠ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ይነፋል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቦምቦሊኖ ጠዋት የተጠበሰ ከሰዓት ቢበላ ችግር የለውም፣ ፓስቲ ግን ወዲያው ካልተበላ ይልፈሰፈሳል። እዚህ ፓስቲ ቀድሞ ተጠብሶ አይደረደርም፣ ሲታዘዝ ነው የሚጠበሰው። ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ግን ዋጋ አለው። በረመዳን ደግሞ ማታ ከማፍጠሪያ ሰዓት ጀምሮ ሙሸበክ እና ሳምቡሳ ይመጣል። ሙሸበክ እና ባቅላባን የሚያደባልቅ ሰው አይቻለሁ፣ ሁለቱም ሽሮፕ ስለሚነከሩ ይመስለኛል። ሙሸበክ ቀጭን ሊጥ ዘይት ላይ እየተጠማዘዘ ይፈስሳል፣ ባቅላባ ግን ስስ ሊጥ በለውዝ ላይ ተደራርቦ ነው የሚጋገረው። ባቅላባ እዚህ የለም። የሌላቸውን "አለ" አይሉም፣ ይሄንንም እወድላቸዋለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከነሱ የማልጠብቀው ስለሆነ ነው የምናገረው። መስታወቱ ውስጥ "ክሯሳን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር አለ። ቅርፁ ጨረቃ ነው። ግን ክሯሳን አይደለም። ክሯሳን ማለት ሊጥ መሀል ቅቤ ተደርጎ፣ ተጣጥፎ፣ ተዳምጦ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ተጣጥፎ የሚሠራ ነው። ሲጋገር በቅቤው መሀል ያለው ውሃ ተንኖ ንብርብሩን ይለያየዋል፣ ስትነክሱት የሚሰነጣጠቀው ለዚያ ነው። የነሱ ለስላሳ የወተት ዳቦ ነው። ጥሩ የወተት ዳቦ ነው፣ ልጆች ይወዱታል፣ "ጣፋጭ ዳቦ" ቢሉት ማንም አይጠላውም። ለእትዬ ልጅ ነግሬያታለሁ፤ "ወረቀቱን እቀይረዋለሁ" ብላለች። ድፎውን በዚህ ጥንቃቄ የሚጋግር ቤት ይሄን ማስተካከል አይከብደውም።

አሁን ወደ መጠጡ።

ከተማው ውስጥ አንድ ካፌ፣ ስሙ ይቅር፣ ማኪያቶ አዝዤ ትልቅ ኩባያ ሙሉ ወተት አመጡልኝ፤ ላዩ ላይ ቡና የሚመስል ቀለም ነበረበት። ሒሳቡ የማኪያቶ ነው፣ ነገሩ ወተት በቡና ነው። "ይሄ ማኪያቶ አይደለም" ብል አስተናጋጁ ግራ ገባው፣ እዚያ ቤት ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠጣው። እኔ ወተት በቡና አልጠላም። ጠዋት ለልጅ፣ ለታመመ ሰው፣ ሆዱ ቡና ለማይችል በጣም ጥሩ ነው። ግን ስሙ ይጠራ፣ ዋጋውም እንደ ስሙ ይሁን።

ጣሊያን አገር ማኪያቶ ማለት ኤስፕሬሶ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቂት የወተት አረፋ ጠብ የተደረገበት ነው፣ ወተቱ ምልክት ያህል ነው። የእኛ ማኪያቶ ከዚያ ወተቱ ይበልጣል፣ እና የራሳችን ነው፣ በዚህ ማፈር የለብንም። ግን የእኛውም ቢሆን ልክ አለው። ትንሽ ነው። በብርጭቆ ከሆነ ንብርብሩ መታየት አለበት፤ ከታች ወተት፣ መሀል ቡና፣ ላይ አረፋ። ቡናው መሀል የሚቀመጠው ከወተቱ ስለሚቀልል ነው፣ ቀስ ብሎ ካልተቀዳ ግን ይደባለቃል። ካፑቺኖ ደግሞ ሰፊ ስኒ ውስጥ ነው፣ አረፋው ወፍራም ነው፣ ቡናና ወተቱ አስቀድሞ የተዋሃደ ነው። እዚህ ቤት "ጠቆር ያለ" ወይ "ነጣ ያለ" ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ልዩነቱም በእውነት አለ። ጠቆር ያለው ላይ ወተቱ ይቀንሳል እንጂ ቡናው በውሃ አይረዝምም። ይሄን የማይለዩ ቤቶች አሉ፣ ጠቆር ያለ ስትሏቸው ማሽኑን ረዘም አድርገው ይለቁትና መራራ ውሃ ይሰጧችኋል።

ለእኔ የቤቱ ምርጥ መጠጥ ግን ስፕሪስ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ሲሆን ማኪያቶ ስለማይጠጣ ብዙ ሰው እሱን ያዝዛል፣ እና ማኪያቶ ብለው የሚያደባልቁት ሰዎች አሉ፣ መልኩ ስለሚመስል። ወተት የለበትም። ከታች ሻይ፣ ከላይ ቡና ነው። የእትዬ ልጅ ስትሠራው ቆማችሁ እዩ። መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ትኩስ ሻይ ታደርጋለች፣ ስኳሩንም ያኔውኑ ጨምራ እስኪሟሟ ታማስላለች። ከዚያ ማንኪያ ገልብጣ የብርጭቆውን ጎን ታስነካና ቡናውን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋ ታንጠባጥበዋለች። ቡናው ሻዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ድንበሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ከታች ቀይ ከላይ ጥቁር። ምስጢሩ ስኳሩ ነው። ስኳር የገባበት ሻይ ስለሚከብድ ከታች ይቀራል። ስኳር ሳይኖር ቢቀዳ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ለዚህ ነው ስፕሪስ ያለ ስኳር ስታዝዙ ደብዛዛ የሚሆነው፣ የሠራተኛዋ ጥፋት አይደለም። አታማስሉት። መጀመሪያ ቡናው ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ ሻይ።

ሻዩ ላይ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባል። ሄል እና ኮረሪማን አንድ የሚያደርጉ ቤቶች ስላሉ ይሄን ልጨምር፤ ሄል ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ። ኮረሪማ ትልቅ፣ ቡናማ፣ የአገራችን ነው፤ ሽታውም ጠንከር ያለ ነው። ሻይ ላይ ኮረሪማ ሲገባ ወጥ ወጥ ይላል፣ ወጥ ቤት ያለ ይመስላችኋል። እዚህ ሄል ነው። ሻዩም ውሃ ላይ ቅጠል ተበትኖ ወዲያው አይወርድም፣ ቆይቶ ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኩት ከፍታ እዚህም ይሠራል፣ 92 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ ቅጠሉን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ቲ ባግ ገብቶ በአንድ ደቂቃ የሚወጣበት ሻይ ደሴ ላይ የማይጥመን ለዚህም ይመስለኛል። ችግሩ፣ ሻዩ ስኳር ገብቶበት ይመጣል። ስኳር የማትጠጡ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የጀበና ቡናው ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ራሳቸው ቆልተው፣ አጢሰው፣ "ኑ ቡና ጠጡ" ብለው ገበያተኛውንም ጎረቤቱንም ይጠራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በወጉ ይወጣል፤ ሦስቱም ከአንድ ዱቄት ነው፣ ውሃ እየተጨመረ፣ ስለዚህ በረካው ቀለል ይላል። አንዳንድ ቦታ በረካ ስትሏቸው የተሞቀ አቦል ይሰጧችኋል። ጨው የሚፈልግ ሽማግሌ ከመጣ ጨው ይቀርባል፣ ጤና አዳም የሚፈልግም ጤና አዳም። ማንም አይስቅበትም። ከተማው ውስጥ ግን ጠዋት ፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ የዋለ ቡና "የጀበና ቡና" እየተባለ የሚሸጥበት ቦታ አለ፣ ሲቀዳም ጀበና ውስጥ ገልብጠው ያመጡታል። ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ፤ ይጎመዝዛል፣ ሽታ የለውም፣ አተላውም ተነቅንቆ ስኒው ድረስ ይመጣል። የእትዬ ጀበና ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ዘመም ብሎ ይቀመጣል፣ አተላው እስኪሰክን ማንም አይነካውም።

መጠጫው ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ነው ሌላው ያስደሰተኝ። የጀበና ቡና በፍንጃል ይመጣል፣ ጆሮ በሌላት ትንሿ። ትንሽ የሆነችበት ምክንያት አለ፤ ሁለት ሦስት ጉንጭ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል፣ ከዚያ ቶናው ይመጣል። ይሄን ቡና በትልቅ ኩባያ የሚያቀርቡ አሉ፣ ለእንግዳ አክብሮት መስሏቸው። ግማሹ ላይ ስትደርሱ ቀዝቅዟል፣ ቶና የሚባል ነገርም አይኖርም፣ አብሮ የመቀመጡም ነገር ያጥራል። ሻይ በብርጭቆ ነው፣ ቀለሙ መታየት ስላለበት። ወፍራም ታች ያለው ብርጭቆ ነው የሚጠቀሙት፣ በስሱ ብርጭቆ ሻይ ሲቀዳ ጣት ያቃጥላል። ማኪያቶው ጆሮ ባለው ስኒ ወይ በብርጭቆ፣ እንደ ምርጫችሁ። ስኒው ማሽኑ ላይ ተገልብጦ ሞቆ ስለሚቆይ ቡናው ቀዝቃዛ ሸክላ አይነካም። ኩባያ ለወተት ብቻ ነው። አንድ አዲስ የተከፈተ ቦታ ትኩስ ሻይ በብርሌ ሲያቀርብ አይቻለሁ፣ ለፎቶ ብሎ። ብርሌ ለጠጅና ለብርዝ ነው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ትኩስ ነገር ሲገባበት እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ መያዣም የለውም። ልጅ ቢይዘው ይቃጠላል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ ድፎው ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ቦታው ጠባብ ነው፣ በርጩማ ነው ያለው፣ ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ግድግዳው ጋ ያለችውን አግዳሚ ያዙ። ዋጋው ፒያሳ ካሉት ትልልቅ ካፌዎች ዝቅ ይላል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ። መብራት ሲጠፋ የማሽን ቡና የለም፣ ማኪያቶ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትሄዱት ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ሕብስት ለምትፈልጉ ከአንድ ቀን በፊት ለእትዬ ንገሯቸው፣ ሙሉውን ለቤት መውሰድ ከፈለጋችሁ በኮባ ጠቅልለው ይሰጧችኋል።